የፎቶው ጀርባ ላይ ስም ጻፉ

ይድረስ፦ በሰሜን አሜሪካ ላላችሁ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ቡድኖች፣ ጨዋታ ለምታነሱ ፎቶ አንሺዎች፣ እንዲሁም የድሮ የኳስ ፎቶ ቤቱ ላለው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ፎቶዎቻችን ስምና ቀን

ጤና ይስጥልኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው አጎቴ ያረፈ ሰሞን ነው። አጎቴ ኳስ ተጫውቶ አያውቅም። ግን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጁላይ 4 ሲቃረብ ከሥራ ፈቃድ ይወስዳል፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ የኢትዮጵያውያን ውድድር ወዳለበት ከተማ ይሄዳል። ከጎሉ ጀርባ ሳሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። የላከው የለም፣ የከፈለው የለም። ፊልሙን የሚገዛውም የሚያሳጥበውም ከኪሱ ነበር።

በሠልስቱ ዕለት አክስቴ ሁለት የጫማ ካርቶን ይዛ ወጣች። ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመሩ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ተረሳ። “ይሄ እኮ አንተ ነህ!” “ኧረ ያንን አፍሮ እዩልኝ!” አንድ አባት የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ሆነው ታኬታቸውን ሲያስሩ የሚያሳይ ፎቶ ደረሳቸው። ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቀሩ።

ከዚያ የበረኛው ፎቶ መጣ።

ቢጫ ማሊያ ለብሷል። ሙሉ ሰውነቱ አየር ላይ ተዘርግቷል፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ነው። ኳሷ የቀኝ እጁን ጣት ጫፍ ነክታ አቅጣጫ እየቀየረች ነው። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች በነጭ ፋሻ ታስረዋል። ከመረቡ ጀርባ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። የማን ደጋፊ እንደሆነች እንኳ አይታወቅም፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ ፊቷ አይለይም።

“ማን ነው?” አልን። ሃያ ሰው ቤት ውስጥ አለ። ከሃያው ግማሹ በዚያ ዘመን የተጫወተ ነው። አንዱ “ዳላስ ነው” አለ። ሌላው “ዳላስ እንዲህ ያለ ዛፍ አላየሁም” አለ። የዓመተ ምህረቱ ክርክር ከ1989 እስከ 1994 ሄደ። ፎቶውን ገለበጥነው። ጀርባው ላይ ያለው የፎቶ ማጠቢያ ቤቱ ቁጥር ብቻ ነው። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ቀብረነዋል።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የማነበው ስም፣ መጠንና ቀን ነው። መደርደሪያ ላይ ጽሑፉ የለቀቀ ብልቃጥ ካገኘን ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ብንገምትም እንጥለዋለን። እንክብሉ ምንም አልሆነም ይሆናል። ነገር ግን ምን እንደሆነ የሚናገርለት የለም። ያን ማታ የአጎቴን ካርቶን ሳይ የታየኝ እሱ ነበር። ከ600 በላይ ፎቶ ቆጠርኩ። ስም ያለበት 11 ነው። ኔጌቲቮቹ ደግሞ ቤዝመንት ውስጥ እርጥበት ስቦባቸው እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር እንዴት እንዳደረገው ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። እናም አንድ ሰው አገኘሁ። የኛ ሰው አይደለም፣ ስፖርቱም የኛ አይደለም፣ ቤዝቦል ነው። ግን ታሪኩን ሳነብ አጎቴን እያየሁ ነበር። ትንሽ ታገሱኝና ላጫውታችሁ።

ቻርልስ ኮንሎን ይባላል። በ1868 በኒውዮርክ ግዛት አልባኒ ውስጥ ተወለደ። እንጀራው አራሚነት ነበር። ኒውዮርክ ኢቭኒንግ ቴሌግራም በሚባል ጋዜጣ ተቀጥሮ ሌላው የጻፈውን ያነባል፣ የተሳተ ፊደል ይለቅማል፣ የተጣመመ ስም ያቀናል። ፎቶ ማንሳት ይወድ ስለነበር በዕረፍት ቀኑ ሜዳና ዛፍ ያነሳል። እዚያው ጋዜጣ ላይ ጆን ፎስተር የሚባል የስፖርት ጸሐፊ ነበር። በየዓመቱ በሚታተመው የስፓልዲንግ የቤዝቦል መመሪያ ላይም ይሠራል። መመሪያው የተጫዋቾች ፎቶ ያስፈልገው ነበርና በ1904 ፎስተር ኮንሎንን አግባባው። ዛፍ ከማንሳት ተጫዋቾቹን ብታነሳ ምን አለበት፣ የዕረፍት ቀንህ መዝናኛ ይሆንሃል፣ ትንሽ ፍራንክም ታገኝበታለህ ነበር ነገሩ።

ኮንሎን እሺ አለ። ከዚያ በኋላ እስከ 1942 ድረስ አነሳ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሚታወቀው በአራሚነቱ ነው፤ ካሜራው የትርፍ ጊዜ ሥራው ነበር።

ከሱ በፊት የነበረውን ካላወቃችሁ ያደረገው ነገር አይገባችሁም። በ1880ዎቹ ለሲጋራ ፓኬት ካርድ የሚነሱ ተጫዋቾች ፎቶ ቤት ገብተው ነበር የሚነሱት። ኳሷ ከጣሪያ በክር ትንጠለጠላለች። ተጫዋቹ የተቀባ መጋረጃ ፊት ቆሞ ሊቀልባት እንደሚዘረጋ ይሆናል። ፎቶውን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ክሩ ይታያል። አገር ቤት በልጅነታችን ፎቶ ቤት ገብተን የፕላስቲክ አበባ ተደግፈን እንደተነሳነው ማለት ነው።

ኮንሎን ሜዳ ገባ። የያዘው ግራፍሌክስ የሚባል ካሜራ ነው፤ ትልቅ ሳጥን ነገር ነው። ዓይንህ ላይ አትደግነውም። ደረትህ ላይ ይዘህ ከላይ ባለው የቆዳ ጉሮሮ ወደ ታች እያየህ ነው የምታነጣጥረው። ፊልሙ ጥቅል አይደለም፣ የመስታወት ሰሌዳ ነው። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ፎቶ። ካነሳህ በኋላ ሰሌዳውን ትቀይራለህ፤ እስክትቀይር ጨዋታው አይጠብቅህም። ዛሬ ስልካችን በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሳል። እሱ በአንድ ጨዋታ ይዞት የሚሄደው መስታወት በሸክም የሚለካ ነበር።

በጣም የታወቀው ፎቶው የተነሳው ኒውዮርክ ውስጥ ሂልቶፕ ፓርክ በሚባል ሜዳ ነው። ዛሬ ያንኪስ የምንለው ቡድን ያኔ ሃይላንደርስ ይባል ነበር፤ ሜዳው የሱ ነበር። ተጋጣሚው ዲትሮይት ነው። የዲትሮይቱ ታይ ኮብ በዘመኑ እጅግ የሚፈራ ሯጭ ነበር። ቤዝቦል ለማታዩ በአጭሩ፣ ሯጩ ኳሷ ሳትቀድመው መሬት ላይ ያለችውን ቤዝ መንካት አለበት። ለመቅደም ሲል እግሩን አስቀድሞ በአቧራው ላይ ይንሸራተታል። ጫማው ሥር ሹል ብረት አለ። እኛ በእግር ኳስ “ታኬታ አሳይቶ ገባ” የምንለውን ዓይነት አገባብ አስቡት።

ኮንሎን ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ፣ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ቆሟል። ያን ጊዜ ፎቶ አንሺ እዚያ ድረስ ይጠጋ ነበር። ቤዙን የሚጠብቀው ጂሚ ኦስቲን ወዳጁ ነው። ኮብ መጣ። አቧራው ተነሳ፣ ኦስቲን ሚዛኑን ስቶ ተስፈነጠረ። ኮንሎን ኋላ ራሱ እንደተናገረው በዚያች ቅጽበት ያሰበው ወዳጁ ተጎድቶ እንደሆነ ነበር። ኦስቲን ደህና መሆኑን ካየ በኋላ ነው ካሜራው ትዝ ያለው። አንስቻለሁ ወይስ አላነሳሁም? ምንም ትዝ አይለውም። ለማንኛውም ብሎ ሰሌዳውን ቀየረ። ትልቁን ነገር አመለጠኝ ብሎ ራሱን እየረገመ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ሰሌዳዎቹን ሲያጥብ ፎቶው አለ። እጁ ሳያስታውሰው ተጭኗል።

ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት። ኮብ ጥርሱን ነክሷል፣ ፊቱ ተጨማዷል። አፈሩ እንደ ውኃ ዙሪያውን ይረጫል። ኦስቲን እግሩ ከሥሩ ተጠርጎ አየር ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ አሁንም ሰው ሲያየው እግሩን ይሰበስባል።

አሁን ወደተነሳሁበት ልመለስ። ይህ ፎቶ ለብዙ ዓመታት “1909” ተብሎ ሲታተም ኖሯል። ኋላ የቤዝቦል ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የድሮ የጨዋታ ዘገባዎችን አገላብጠው ቀኑ ጁላይ 23 ቀን 1910 መሆኑን ደረሱበት። እስቲ አስቡት። በስፖርቱ ታሪክ እጅግ ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ነው፣ ያነሳው ደግሞ ስህተት በማረም የሚተዳደር ሰው። እንዲያም ሆኖ ቀኑ ተዛብቷል። ሊቃና የቻለውስ የማን እንደሆነ፣ ማን ማንን ሲገጥም እንደሆነ፣ የት ሜዳ እንደሆነ ይታወቅ ስለነበር ነው። አንድ ክር ካለ ሌላውን መጎተት ይቻላል። የኛ በረኛ ግን ምን ክር አለው? ፋሻው ብቻ።

ኮንሎን የሚያነሳው ትልልቁን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እኔን የገረመኝ እጅ ማንሳቱ ነው። ወርዋሪው ኳሷን በየትኛው ጣት እንደሚይዝ፣ አውራ ጣቱ የት እንደሚያርፍ ተጠግቶ እጁን ብቻ ያነሳል። ኤዲ ሲኮቴ የሚባል ወርዋሪ ነበር። በ1919 የዋንጫ ጨዋታ ገንዘብ ተቀብለው ተሸንፈዋል ከተባሉትና ዕድሜ ልክ ከታገዱት ስምንት ተጫዋቾች አንዱ ነው። የሲኮቴ እጅ ኳሷን እንደጨበጠ በኮንሎን ፎቶ ላይ አለ። ሰውየው ከሜዳ ተባረረ፣ እጁ ግን ያደርገው የነበረውን ዛሬም ያሳያል። ከኛ ልጆች መሐል ቅጣት ምት ሲመታ እግሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ የተነሳ አለ? አጎቴ አንድ አለው። እግር ብቻ ነው፣ ግራ እግር፣ ካልሲው ወርዶ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ምን በከፈልኩ!

የኮንሎን ፎቶዎች በመመሪያው ሲታተሙ ከሥራቸው በትንሽ ፊደል “ኮንሎን፣ ፎቶ” ይላል። ሁለት ቃል ናት። እሱም ባሳተማቸው ፎቶዎች ጀርባ ላይ በገዛ እጁ የተጫዋቹን ስምና ቡድን ይጽፍ ነበር። ዛሬ እነዚያ ፎቶዎች ሲሸጡ ሰው የሚገለብጠው ያን የእጅ ጽሑፍ ለማየት ነው። እኔ እንደማስበው አራሚነቱ ነው ያስጻፈው። ስም ሲሳት የሚያመው ሰው ነበር።

ኮንሎን በ1945 ሞተ። በሕይወት ዘመኑ ወደ 30,000 ፎቶ አንስቷል ይባላል፤ አብዛኛው ጠፍቷል። የተረፈው የስፖርቲንግ ኒውስ ጋዜጣ ክምችት ውስጥ ገባ። ለብዙ ጊዜ ሥራውን እንጂ ሰውየውን የሚያነሳው ጥቂት ነበር። በ1993 ፎቶዎቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው ወጡና ሰው እንደገና አወቀው። በ2016 ከ7,400 በላይ ኔጌቲቮች በአንድ ላይ በጨረታ ሲሸጡ 1.79 ሚሊዮን ዶላር አወጡ። ገንዘቡን ያነሳሁት የአጎቴ ካርቶን ይሸጣል ብዬ አይደለም፤ አክስቴ በምንም ዋጋ አትሸጠውም። እነዚያ መስታወቶች ግን የማን እንደሆኑ ባይታወቅ ኖሮ አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ ቦታ ያጣበበ ስብርባሪ መስሎት ባወጣቸው ነበር።

ሂልቶፕ ፓርክ በ1914 ፈረሰ። ዛሬ ቦታው ላይ ሆስፒታል አለ። ግቢው ውስጥ ባለ አትክልት ስፍራ መሬት ላይ የቤዝ ቅርጽ ያለው ምልክት ተቀብሯል፣ መቺው ይቆምበት የነበረው ቦታ ነው። ባለፈው ጥቅምት ኒውዮርክ ስሄድ ፈልጌ አየሁት። ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች አጠገቡ ምሳቸውን ይበላሉ። ሜዳው የለም፣ አቧራው የለም። ከዚያ ሁሉ የቀረው ያቺ ምልክትና ፎቶው ነው።

እዚያ ቆሜ ስለኛ አሰብኩ። የኛ ውድድር ከ1984 ጀምሮ ከከተማ ከተማ ሲዞር ነው የኖረው። የራሳችን ስታዲየም የለንም። አንድ ሳምንት ተከራይተን እንጫወታለን፣ በርበሬው ይሸታል፣ ሙዚቃው ይከፈታል፣ የተጠፋፋ ይገናኛል፣ ከዚያ ድንኳኑ ይነቀላል። የሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ሜዳ ላይ ሌላ ሕዝብ ይጫወታል። እንደ አዲስ አበባ ስታዲየም “በ1962 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው እዚህ ነው” ብለን ልጆቻችንን ወስደን የምናሳየው መሬት የለንም። ለኛ ሜዳችን ፎቶው ነው። ለዚህ ነው የምጨቀጭቃችሁ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ።

ቤታችሁ ካርቶን ያለ፣ ዛሬ ማታ አውርዱት። የምታውቁትን ጻፉ። በእስክርቢቶ ጠንክራችሁ አትጻፉ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ ከዳር በኩል በቀስታ ጻፉ። ወረቀቱ የሚያንሸራትት ዓይነት ከሆነ እርሳሱ አይዝም፣ በቁራሽ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ፖስታ ውስጥ ክተቱ። ሙሉ ስም ይሁን። ማሙሽ፣ ቻፓ፣ ዶክተር የሚሉት የቅጽል ስሞችም ይጻፉ፣ ብዙዎቹን የምናውቃቸው በነሱ ነውና። ከተማው፣ ዓመቱ፣ ከማን ጋር እንደነበር። ካላወቃችሁ “ዳላስ ይመስለኛል” ብላችሁ ጻፉ። “ይመስለኛል”ም አንድ ክር ነው። ኔጌቲቩን ቤዝመንት ውስጥ አታስቀምጡ። እኛ የደረሰብን በቂ ነው።

ታላላቆቻችን ከተሰበሰቡበት አትለዩ። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ክርስትናም ይሁን ዒድ፣ አንድ 30 ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ስልካችሁን ቅረጽ ላይ አድርጉና ፎቶውን ስጧቸው። ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፤ እነሱ ያወራሉ።

የቡድን ኃላፊዎች፣ እናንተን የምጠይቀው በየዓመቱ አንዲት ወረቀት ነው። የቡድኑ ፎቶ ሲነሳ ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደተንበረከከ ያን ዕለት ይጻፍ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያነሳውም ሰው ስም ከሥሩ ይግባ።

ይህ የመጨረሻው ለገጽ ባለቤቶችም ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የድሮ ፎቶ የምትለጥፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ደስ ትሉናላችሁ፣ እውነቴን ነው፣ እናንተ ባትኖሩ ብዙውን አናየውም ነበር። ግን ፎቶውን ስትቆርጡ ከዳር ያለውን ስም አትቁረጡት። የራሳችሁን አርማ ያነሳው ሰው ስም ላይ አትለጥፉ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሚያሳዩትን ፎቶዎች ሁላችንም በየዓመቱ እንለጥፋቸዋለን። ዳር ላይ ችቦ የያዙ ወታደሮች ቆመዋል፣ መሽቷል። በዚያ ጨለማ አንድ ሰው ቆሞ፣ ብርሃኑን ገምቶ፣ ትክክለኛዋን ቅጽበት ጠብቋል። ስሙን ጠርተንለት እናውቃለን? እኔ ለጥፌ አውቃለሁ፣ ጠርቼ አላውቅም። ከዚህ በኋላ ሳልፈልግ አልለጥፍም።

አሁን ጨዋታ ለምታነሱ ወጣቶች። ስልካችሁ ውስጥ 40,000 ፎቶ አለ፣ አውቃለሁ። ሁሉም ላይ ስም ጻፉ አልልም። ከአንድ ውድድር 20 ምረጡ። ሃያውን አሳትሙ። ስልክ ይጠፋል፣ የይለፍ ቃል ይረሳል፣ ወረቀት ግን ካርቶን ውስጥ ሆኖ 35 ዓመት ጠብቆኛል። ኮንሎንም አጎቴም ቢሆኑ በዕረፍት ቀናቸው ነው ያደረጉት። እናንተም ከኡበርና ከሆስፒታል ሽፍት ወጥታችሁ ነው ከጎል ጀርባ የምትቀመጡት። ድካማችሁ ይገባኛል። የኔ አጎት ድካሙን በሕይወት እያለ አላመሰገንኩትም። “ፎቶ ማንሳት አይሰለችህም?” ነበር የምለው።

እኔ በበኩሌ የሱን 600 ፎቶ ስካን ማድረግ ጀምሬያለሁ። እስካሁን 240 ደርሻለሁ። በሚቀጥለው ውድድር ጠረጴዛ ይዤ ከቡናው ድንኳን አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ፎቶዎቹም ጠረጴዛው ላይ ይሆናሉ። እርሳስ አለኝ። መጥታችሁ እዩልኝ።

ከዚያ በፊት ግን ያንን በረኛ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ቢጫ ማሊያ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺም የጀመረው። ከ1989 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ነው። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ታስረዋል፤ የቀለበት ጣቱና ትንሿ። ከጀርባው ያለችው ሴት ነጠላዋ ሰማያዊ ጥለት አለው። እሷም ብትሆን ታውቀው ይሆናል።

አክባሪያችሁ
የካርቶኑ ባለቤት የእህት ልጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ